የስላስ እጆች

ሰኞ፣ ኅዳር 11፣ 2010

ዝም አልኩ። አይቼ ዝም አልኩ። ሌላ ምን ብዬ ልጻፈው?

አቦይ ሐጎስ ጠዋት የካንሰር መድኃኒታቸውን ወስደው ከሰዓት አስመለሳቸው። አልጋውም ወለሉም ተበላሸ። የክፍላችን ጽዳት ሠራተኛ ስላስ ጓንቷን አጥልቃ ስትመጣ ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። "ጓለይ፣ ልጄ፣ ተጸየፍሽኝ?" አሏት። ስላስ ወዲያው ጓንቷን አወለቀች። በባዶ እጇ ወለሉን ጠረገች፣ አንሶላውን አለቀለቀች፣ ፖፖውን ደፋች።

እኔ ነርሷ ደግሞ አጠገቧ ቆሜ "ተባረኪ" አልኳት። ተባረኪ! ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር፣ የኔ አዛኝ።

መድኃኒቱ ሁለት ቀን ያህል በሽንትም በትውከትም እንደሚወጣ፣ በቆዳም ገብቶ ጤነኛ ሰው እንደሚጎዳ የማውቀው እኔ ነኝ። አዲስ አበባ ሄጄ ሠልጥኜ፣ "ተመልሰሽ ለክፍሉ ሠራተኛ በሙሉ አስተምሪ" ተብዬ ነበር። ነርሶቹን አስተማርኩ። ጽዳቶቹን "በሚቀጥለው ሳምንት" አልኳቸው። ያ ሳምንት እስካሁን አልመጣም። ስላስ ያወለቀችው ጓንት ራሱ ስስ ነው፤ ወፍራሞቹን ለነርሶች ብዬ ቆልፌባቸዋለሁ። ከራስ በላይ ነፋስ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 12

ስላስ ጠዋት እጄን ይዛ ወደ ዕቃ ክፍሉ ወሰደችኝ። "ትናንት ስለመረቅሽኝ ላንቺ ለእህቴ ልንገርሽ፣ ሓፍተይ። አርግዣለሁ። አራት ወር ሆነኝ።"

ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ወርዶባታል። ይህኛውን እመቤታችን ደጅ ተስላ ነው ያገኘችው። ባሏና እናቱ ብቻ ያውቃሉ። ሆድ ሳይገፋ አይወራም፣ ዓይን ይበላዋል ብላ በሰፊው ጋውን ሸፍናው ስትሠራ ከርማለች። እና የነገረችኝ እኔን ነው። በዚያ ምርቃቴ ምክንያት!

አቀፍኳት። "እንኳን ደስ አለሽ" አልኩ። ሌላውን አልነገርኳትም።

"የአቦይ ሐጎስን ክፍል ዛሬ እኔ አጸዳለሁ" ስላት ሳቀችብኝ። ወፍራም ጓንት፣ ጋውን፣ ጭንብል አድርጌ ገባሁ። ሽማግሌው ምንም አልከፋቸውም። የነርስ ጓንት ሕክምና ነው፤ የጽዳት ጓንት ንቀት ይሆናል። ይህንንም ዛሬ ገና ነው ያየሁት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 13

ሐኪማችንን ጠየቅኩት። "አንዲት የማውቃት ሴት አለች..." ብዬ ጀመርኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! እሱም ገብቶታል። "አንድ ቀን በእጇ በመንካቷ ጽንሱ ይጎዳል ብዬ አልምልም፤ አይጎዳም ብዬም አልምልም። ዛሬውኑ ከክፍሉ ትውጣ" አለኝ። ልወጣ ስል ደግሞ፣ "አንድ ቀን ብቻ መሆኑን ማን ነገረሽ?"

ማንም አልነገረኝም። ባለፈው ወር የተሰበረውን የመድኃኒት ብልቃጥ ማን ጠረገ? ስላስ። መድኃኒት የነካውን ቆሻሻ ማን ያወጣል? ስላስ። አንሶላውን? ስላስ።

ልነግራት ሄጄ ስለ ብርዱ አውርቼ ተመለስኩ። ፈሪ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 14

ነገርኳት። ጓሮ፣ ልብስ ማስጫው ጋ። ሁሉንም፣ ሥልጠናውንም፣ የቆለፍኩትንም።

እስክጨርስ አላቋረጠችኝም። ከዚያ፣ "አንቺስ ሰኞ ዕለት ጓንት አድርገሽ ነበር?" አለችኝ።

"አዎ።"

"ወፍራሙን?"

"አዎ።"

እጆቿን ገልብጣ አየቻቸው። "ወይለይ" አለች፣ ቀስ ብላ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ብትመታኝም።

እርግዝናዋን ለኃላፊዋ እንድነግርላት ፈቀደች። ደብቃ ያቆየችውን በኔ ጥፋት አስወጣሁባት። ከነገ ጀምሮ ካርድ ክፍል ትሠራለች። ነገ ጠዋት አልትራሳውንድ ትነሣለች። እንቅልፍ የሚባል ነገር ዛሬ አላስብም።

ዓርብ፣ ኅዳር 15

ጠዋት ጽዳቶቹን ሰብስቤ አስተማርኩ፤ የወፍራሞቹን ጓንቶች ቁልፍም ሰጠኋቸው። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። እኔ ቅጠሉን የያዝኩት ጭሱን ካየሁ በኋላ ነው።

ከዚያ ወደ አቦይ ሐጎስ ሄድኩ። የስላስን ምሥጢር ሳላነሳ፣ መድኃኒቱ ከሳቸው ሲወጣ የሚነካውን ሰው እንደሚጎዳ፣ ጓንቱ ለዚያ እንደሆነ አስረዳኋቸው።

"እኔን ሳይሆን መድኃኒቱን ነው የሚሸሹት?"

"አዎ፣ አቦይ።"

"ታዲያ ይህንን ሰኞ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? እኔ ራሴ ጓንቱን አጠልቅላት አልነበር?"

አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይበቃ ነበር። "ይቅር ይበሉኝ" ብዬ ወጣሁ።

ስላስን ያገኘኋት ከአልትራሳውንድ ክፍል ስትወጣ ነው። ነጠላዋን እስከ አገጯ ተከናንባለች።

"ልቡ ይመታል" አለችኝ ሳልጠይቃት። "እጅና እግሩንም አሳዩኝ።"

እዚያው ኮሪደሩ ላይ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ሰው ያልፋል፣ ያየኛል፣ ግድ አልነበረኝም። ስላስ ግን አላለቀሰችም። እንባዬን ስታየው ቆየችና፣

"ገና አምስት ወር አለኝ እኮ፣ ሲስተር" አለች። "ስወልድ መጥተሽ ልጁን እዪው። ያኔ ታለቅሻለሽ ወይ ትስቂያለሽ።"

እመጣለሁ አልኳት።