አሥራ ስምንት ያልኩት ምዕራፍ

ማክሰኞ፣ ጃንዩዋሪ 13

ከቤቴ ከፌርፋክስ ሥራዬ በርባንክ ድረስ አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀብኝ። አንዱ መሀል መንገድ ላይ ቆሞ ስልክ ያወራል። ጡሩምባ ብነፋበት እጁን አወዛወዘልኝ... ሰላም ያልኩት መስሎት።

ዛሬ ሦስት መጽሔት። የጃፓን ማንጋ፣ በሥዕል የሚነገር ታሪክ፣ ተተርጉሞ የመጣ። ሥራዬ ማንበብ አይደለም፣ ዕድሜ መለጠፍ ነው። ለሁሉም፣ ከአሥራ ሦስት በላይ፣ ከአሥራ ስድስት በላይ፣ ከአሥራ ስምንት በላይ። ሲጋራ ካለ ምልክት፣ ደም ካለ ምልክት። አንገት ከተቆረጠ አሥራ ስድስት፣ አንገቱ የጭራቅ ከሆነ ግን አሥራ ሦስት! ይህን ያወጣው ሰው ደመወዝ ይከፈለዋል።

ሰው ሁሉ መንግሥት ያዘዘን ይመስለዋል። ማንም አላዘዘንም። አሳታሚው ራሱ ነው የሚለጥፈው፣ መጻሕፍት ቤቶችና የትምህርት ቤት ላይብረሪዎች እንዳይቆጡት። ጃፓኖቹ ደግሞ መጽሔቱን የወንድ ልጆች፣ የሴት ልጆች፣ የጎልማሶች ብለው ይከፍሉታል። ያ ገበያ ነው እንጂ እገዳ አይደለም። እዚያ ቀድሞ የሚቆርጠው አዘጋጁ ነው፣ ሳይታተም፣ ድምፁን አጥፍቶ። እሱን ካለፈ የአካባቢው አስተዳደር «ለወጣቶች ጎጂ» ሊለው ይችላል፤ ከዚያ ወዲያ ከአሥራ ስምንት በታች ላለ አይሸጥም። እኛ ጋ ይህን ሁሉ የምተካው እኔ ነኝ። እኔና አንድ ቅጽ።

ሐሙስ፣ ጃንዩዋሪ 22

መጽሔቱ ውስጥ ስድስት ተከታታይ ታሪክ አለ። አምስቱ ጩኸት። ጎራዴ፣ ጭራቅ፣ እንደገና ጎራዴ። ስድስተኛው ግን...

ሠዓሊው አዲስ ነው፣ የመጀመሪያ ሥራው። አንዲት የሠላሳ ዓመት ሴት፣ ሽባ የሆነ አባቷን ታስታምማለች። በዚህ ምዕራፍ ታጥበዋለች። ሃያ ገጽ ሙሉ አንድ ቃል የለም። ከበር ትገባለች፣ ልብሱን ታወልቅለታለች፣ ጀርባውን፣ እግሩን... ሽማግሌው አፍሮ ዓይኑን ጨፍኗል። ስትጨርስ ንጹሕ ሸሚዝ ታለብሰዋለች፣ ፀጉሩን ታበጥርለታለች። ሁለቴ አነበብኩት። እኔ! የቤት ኪራይ ውሌን እንኳ አንዴ ነው ያነበብኩት።

ቅጹ «ሙሉ እርቃን፦ አለ፣ የለም» ይላል። ለምን የሚል መስመር የለውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመጽሔቱ ዕድሜ የሚወሰነው በከባዱ ምዕራፍ ነው። ይህን አሥራ ስምንት ካልኩት መጽሔቱ በሙሉ በላስቲክ ታሽጎ ላይኛው መደርደሪያ ይወጣል። ያን ደግሞ አያደርጉትም፤ ታሪኩን ከመጽሔቱ ይሰርዙታል። ሠዓሊው አለቀለት። አሥራ ስድስት ካልኩት ያልፋል። ደንቡም «እንደ አገባቡ» የሚል ቀዳዳ አለው። ማለት እችላለሁ።

አለቃዬን ግሬግን ጠየቅኩት። ምዕራፉን አልከፈተውም። «ከተጠራጠርሽ ዕድሜውን ወደ ላይ ነው። አብዝቶ በመከልከል ከሥራ የተባረረ ሰው አላውቅም» አለኝ። ቀጠለና «የሲኒየሩን ቦታ ሰኞ እናወራለን።» የሰውዬው ጭንቅላትም እንደ ቅጹ ሁለት ሳጥን ብቻ ነው ያለው።

ዓርብ፣ ጃንዩዋሪ 23

አሥራ ስምንት አልኩት። ምሳ በላሁ።

ማክሰኞ፣ ጃንዩዋሪ 27

ሲኒየር ሆንኩ። ኬክ ቆረሱልኝ። ስሜን ኬኩ ላይ አበላሽተው ጽፈውታል።

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 1

ከቅዳሴ በኋላ እትዬ ለተማርያም ክንዴን ያዙኝ። የቅዳሜ አማርኛ ትምህርት ቤቱን መጻሕፍት የሚመረምር ኮሚቴ ውስጥ ናቸው። መደርደሪያው ላይ ማንጋ ተገኘ አሉ፣ ማን እንዳስቀመጠው አይታወቅም። «አዜብዬ፣ አንቺ ኤክስፐርት ነሽ አይደል? ሶ እስቲ ሳምፕል አምጪልንና ቼክ እናድርገው።»

ኮሚቴ! ሊቀመንበሩ ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? ጋሼ ኅሩይ። በደርግ ጊዜ አዲስ አበባ ሳንሱር ክፍል ይሠሩ የነበሩት። ፌርፋክስ ላይ ይህን የማያውቅ ሐበሻ የለም። የሰው ጽሑፍ ሲቆርጡ ኖረው፣ ሰማንያ ሞልቷቸው፣ አሁንም መቀስ። ጅብ እንኳ ቁርበት አንጥፉልኝ ያለው በማያውቁት አገር ሄዶ ነው። እሳቸው በሚያውቋቸው አገር ያስነጥፋሉ።

መኪናዬ ውስጥ ናሙና አይጠፋም። አንድ ክምር ሰጠኋቸው። ያንን ምዕራፍ መሀሉ ሸጎጥኩበት። ሆን ብዬ። ሲጮኹ ለማየት። ክፋት ነው? ይሁን።

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 8

ጮኹ።

የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ፣ አምስት ሰው፣ አንድ ጠረጴዛ። እትዬ ለተማርያም ተነሥተው፦ «ይቺ የኖኅ ልጅ ካም ናት! ያባቷን ገላ ገልጣ ጥላው የምትሄድ! ኖ! ይሄ ትምህርት ቤት አይገባም!» ጋሼ ኅሩይ ሁለት ገጽ ማስታወሻ ጽፈዋል። አነበቡት። «የተበጠረ ፀጉሩን ታበላሻለች። ንጹሕ ሸሚዙን ታወልቃለች። ውሃ ታፈስበታለች። በመጨረሻ አሮጌ ልብሱን ደርባበት በበሩ ትወጣለች።»

መጀመሪያ ምን እንደሚያወሩ አልገባኝም። ከዚያ ሳቄ አመለጠኝ። ማንጋ ከቀኝ ነው የሚጀምረው። አምስቱም ከኋላ ወደ ፊት አንብበውታል! ያ ሁሉ እግዚኦታ በተገለበጠ ነገር። «ጋሼ፣ መጨረሻ ያሉት መጀመሪያው ነው። ያዙሩት።»

ይቆጣሉ ብዬ ነበር። መነጽራቸውን ጠረጉና እንደገና ጀመሩ። ሃያውንም ገጽ፣ አንድ በአንድ፣ በጣታቸው እየተከተሉ። ሌሎቹ ቁጭ ብለው ጠበቁ። ሲጨርሱ ወደ እትዬ ለተማርያም ዞሩ።

«ካም አይደለችም። ሴምንና ያፌትን ነው የምትመስል፤ አባታቸውን ያለበሱትን።»

ማስታወሻቸውን ቀደዱት። ከዚያ ወደ እኔ፦

«ለስንት ዓመት ልጅ ነው የተባለው?»

«ከአሥራ ስምንት በላይ ነው ጋሼ።»

«ማን አለ?»

«ካምፓኒው።»

«ካምፓኒ ዓይን አለው እንዴ?»

መጽሔቶቹን መሰብሰብ ጀመርኩ። «ልጆቻችን ነገ እኛን ማጠብ ከየት ሊማሩ ነው?» አሉ፣ ለማንም አይደለም። «ቀጣዩን አምጪልኝ፣ ልጄ።»

ተናድጄ ነው ቤት የገባሁት። በማን እንደሆነ አላውቅም።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 19

ኢሜይል መጣ። ታሪኩ ከመጽሔቱ ተሰርዟል፣ የሠዓሊው ውል ተቋርጧል። ሁለት መስመር። ከታች ግሬግ የአውራ ጣት ምልክት አድርጎበታል። ጅል።

ቅዳሜ፣ ማርች 7

ጋሼ ኅሩይ ደወሉ፣ ሦስተኛ ጊዜያቸው ነው። «ቀጣዩስ? አባትየው ዳነ?» «ገና ሪሊዝ አልተደረገም ጋሼ» አልኳቸው። የሰማንያ ዓመት ሰውን መዋሸት፣ ያውም በጾም። ለዚህች ውሸት ነው ሲኒየር የሆንኩት?

እሑድ፣ ማርች 15

ነገርኳቸው። ፓርኪንጉ ላይ፣ መኪናቸው ውስጥ ሊገቡ ሲሉ።

«ቀጣይ የለም ጋሼ። ቆሟል።»

«ማን አቆመው?»

ካምፓኒው ልል አፌ ተከፍቶ ነበር። «እኔ ነኝ» አልኩ። «ዕድሜውን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ሹመት ነበረበት።»

የመኪናውን በር መልሰው ዘጉት። «ፒኮ መንገድ ላይ ፓርኪንግ የሚሠራውን ዳኜን ታውቂዋለሽ?» አሉ። አውቀዋለሁ። ኮፍያውን የማያወልቀው። «የግጥም መጽሐፍ ነበረው። እንዳይታተም ያስቀረሁት እኔ ነኝ። እዚህ ስንገናኝ ከላይ ታዘን ነው ማለት እችል ነበር፤ ሁሉም እንደዛ ነው የሚለው። ሄጄ እኔ ነኝ አልኩት።»

«ምን አለዎት?»

«ምንም። ሃያ ሁለት ዓመት ሰላም እለዋለሁ፤ አይመልስልኝም።»

«አይከብድዎትም?»

«ታዲያ እሱ ይሸከመው?»

ትልቅ ሰው ናቸው ልል አይደለም። የሰው መጽሐፍ ገድለዋል። ግን የገደሉትን አንብበውታል፣ የጸሐፊውንም ስም ያውቃሉ። እኔ የሠዓሊውን ስም ለማወቅ ዛሬ ፋይሉን መክፈት ነበረብኝ። ስንቃቸው የኖርኩት እኔ... ከእሳቸው በምን ተሻልኩ? በቅጹ?

ረቡዕ፣ ማርች 18

ግሬግን «ተሳስቻለሁ፣ እንደገና እንየው» አልኩት። «ማንም አልከለከለውም እኮ፣ ዕድሜ ነው የተሰጠው» አለኝ። ይህችን ዓረፍተ ነገር አውቃታለሁ። ለአዲስ ሠራተኞች በሥልጠና የማስተምራት እኔ ነኝ።

ሰኞ፣ አፕሪል 13

ትናንት ፋሲካ ነበር። ዛሬ ፈቃድ ወስጄ ቤት ዋልኩ። ጠዋት ለሠዓሊው ኢሜይል ጻፍኩ። አድራሻውን ከተርጓሚዋ ለምኜ ነው።

መጀመሪያ «ተወስኖ ነበር» ብዬ ጻፍኩ። አጠፋሁት። «በደንቡ መሠረት» አልኩ። እሱንም አጠፋሁት። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ሥራ ላይ ስፈርድ «እኔ» ብዬ መጻፍ አልለመድኩም። በመጨረሻ ይህን ላክሁ፦ «ምዕራፍህን ከአሥራ ስምንት በላይ ያልኩት እኔ ነኝ። ሁለቴ አንብቤዋለሁ። ምን እንደሆነ ገብቶኛል። ማሳለፍ እችል ነበር፣ ለሹመት ስል አላሳለፍኩትም። አዜብ ሰይፈሥላሴ።»

ከላክሁ በኋላ ቀለል አለኝ። እንዲያውም ኮራሁ፣ ልክ ትልቅ ነገር እንደሠራ ሰው። ጋሼ ኅሩይ ጋ ደውዬ ልነግራቸው ስልኬን አነሣሁ።

መልሱ ቀድሞ ገባ። እንግሊዝኛው የተሰባበረ ነው፣ ግን ግልጽ ነው።

«ያልገባው ሰው ነው ያገደው ብዬ ተጽናንቼ ነበር።»

ሌላ የለም። ስም እንኳ አልጻፈበትም።

ይቺ አንዲት መጽናኛ ነበረች የቀረችለት። እሷንም ወሰድኩበት።