ጊዲዮንን ስላጽናናው ሬዲዮ

ለተከበሩ አቶ ዘርይሁን፣
የ«እሁድ ጥሪ» የአማርኛ ሬዲዮ ዝግጅት ኃላፊ፣
ለንደን

የተከበሩ ሆይ፣ ጤናዎ እንደ ድምፅዎ የተሟላ፣ ቤተሰብዎም ከክፉ ነገር የተጠበቀ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ በስቶክዌል ነዋሪ የሆንኩት ፀሐይወርቅ፣ ማህሌት ከሞተችብኝ ወዲህ ደኅና ነኝ ብዬ መዋሸቱን ትቼ፣ ለዝግጅትዎ ያለኝን ምስጋና በአደባባይ ላቀርብ ተነስቻለሁ።

አንደኛ፦ «የትዳር አጋሯ ፀሐይወርቅ» ብዬ የላክሁልዎትን የሞት ማስታወቂያ ኤዲት አድርገው፣ «የአቶ ጊዲዮን ባለቤት የነበሩት ወይዘሮ ማህሌት» ብለው ስላነበቡልኝ አመሰግናለሁ። ጊዲዮን ከማህሌት ከተፋታ ስንት ዘመኑ! ዌምብሊ ሌላ ሚስት አግብቶ ልጆች ያሳደገ ሰው መሆኑን እርስዎ ከኔ በላይ ያውቃሉ፤ ሁለተኛውን ሠርግ በሬዲዮ ያበሠሩት እርስዎ ነበሩ። ይሁንና እርስዎ አንዴ ባል ካሉት ማን ሊሽረው? በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ጥቁር ከረባት አስሮ ከፊት ተቀመጠ፤ ሰዉም ተራ እየጠበቀ አቅፎ አጽናናው። እኔ ከጓዳ ወጥ እየጨለፍኩ ሳሳልፍ፣ አንዲት እናት «ተባረኪ፣ ጎረቤት እንዲህ ነው» አሉኝ። ቀናሁ፣ አቶ ዘርይሁን! በሰው ለቅሶ የሚቀና ጉድ ነው ይበሉኝ፤ ያ ሁሉ እቅፍ የኔ ነበርና አንጀቴ እርር እስኪል ቀናሁ። ያጠብኳት፣ ያጎረስኳት፣ ሐኪሙ ኔክስት ኦፍ ኪን፣ የቅርብ ቤተሰብ፣ ብሎ ክፉውን ወሬ የነገረኝ እኔ፤ የተለቀሰለት እሱ።

በሳምንቱም ለቅሶውን ላገዙ ሁሉ ምስጋና ሲያቀርቡ፣ ከአዳራሹ ኃላፊና ወንበር ከደረደሩት ወጣቶች ቀጥሎ እኔን «ፍላትሜቷንም»፣ የቤት ኪራይ ተጋሪዋን ማለትዎ ነው፣ ብለው አስታውሰዋል። ደግነትዎ መቼ ያልቃል! ለጥየቃ ቤታችን የመጡ ጊዜ ባለ አንድ መኝታ ቤት መሆኑን በዓይንዎ አይተዋልና፣ ሁለቱ ፍላትሜቶች የት የት ይተኙ እንደነበር ማሰቡ ሳያደክምዎት አልቀረም።

ሁለተኛ፦ ከፋሲካ በኋላ ስለኛ ዓይነት ሰዎች ላደረጉት ውይይት ምስጋናዬ የላቀ ነው። አንድ ቄስ፣ አንድ የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ አንድ ደግሞ «ሲባል ሰምቻለሁ» ከማለት በቀር ሙያው ያልተነገረ ሰው ጋብዘው፣ መጤ በሽታ መሆናችንን ሲያረጋግጡልን፣ ከኛ ወገን ሰው በመጥራት ጊዜዎን አላባከኑም። ስለ ጤፍ ዋጋ ሲወያዩ እንኳ ባለሱቁን ይጠይቃሉ።

እንግሊዞቹም ቢሆኑ ከሐሜት አያመልጡም። እኛን ሐበሾቹን በቴሌቪዥን የሚያሳዩን ፊታችን በጨለማ ተሸፍኖ፣ ከአገር ስንሸሽና ስናለቅስ ብቻ ነው፤ እንደኔና እንደ ማህሌት ተጣምረው የሚኖሩት የነሱ ሴቶች ግን በድራማው ውስጥ በዕቃ አጠባ ሲጨቃጨቁ ያመሻሉ። እኔና ማህሌትም በዕቃ አጠባ ስንነታረክ ነው የኖርነው፤ ይህን ግን ማን ቀርጾ ያሳየን? እነዚያን ሴቶች ባየሁ ቁጥር ቅናቱ ያንቀኛል።

ሦስተኛውን ልረሳ ነበር። ባለፈው እሁድ ለጋብቻ በዓላቸው ዘፈን የመረጡላቸው ባልና ሚስት፣ እሷ ክሮይደን እሱ ሌላ ሰፈር ሆነው በጠበቃ እንደሚነጋገሩ አገር ያወቀው ፀሐይ የሞቀው ነው። በነሱም ቀናሁ! እኛ ተኮራርፈን እንኳ በአንድ ብርድ ልብስ ነበር የምናድረው።

ልመናዬ አንዲት ናት። የማህሌት አርባ እየደረሰ ነውና፣ ማስታወቂያውን ሲያነቡ ስሜን ከሐዘንተኞቹ ጋር ይጥሩልኝ። ምኗ እንደሆንኩ መናገሩ ከከበደዎት ስሜ ብቻ ይበቃኛል። ሰው በሬን አንኳኩቶ አብሮኝ እንዲያለቅስ ነው የምፈልገው።

ማይክሮፎንዎ ከፊትዎ፣ አድማጭዎ ከዙሪያዎ አይጥፋ እያልኩ፣ በታላቅ አክብሮትና በማልደብቀው ምቀኝነት እጅ እነሳለሁ።

ፀሐይወርቅ፣ የማህሌት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ማህሌት አንድም እሁድ አታሳልፍዎትም ነበር። ስለኛ ክፉ መናገር ሲጀምሩ እኔ እንዳልሰማ ድምፁን ትቀንስና፣ ሲጨርሱ መልሳ ከፍ ታደርገዋለች፤ «ዘርይሁን እኮ ልቡ ደግ ነው» እያለች ትሟገትልዎት ነበር። እንግዲህ እርስዎም ሰው ሞቶብዎታል፤ እግዚአብሔር ያጽናዎት። አዩ፣ ሲናገሩት አይከብድም።