ሽምብራና ምስር፦ የባያዚት ከበባ

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 7
የሒሳብ ፈተና ነበር። ደህና ሠራሁ መሰለኝ። ምሳ ላይ ጓደኛዬ ብሩኪ ግማሽ ቡሪቶዬን በላብኝ።

ቤት ስገባ አክስቴ ራቢዓ ከሳን ሆዜ ደውላለች። ቅዳሜ ለወንድሜ ለሙኒም ዱዓ አለ፤ ሳሎኑ ሙሉ ምንጣፍ ይነጠፋል፤ ጠረጴዛው ይውጣ ብላለች።

ጠረጴዛው ላይ ግን ባያዚት አለ... ሙኒም በካርቶን የሠራው ግንብ። እውነተኛውን በ1877 ሩሲያውያን ከቱርኮች ያለ ውጊያ ያዙት። ቱርኮቹ ተመልሰው ሃያ ሦስት ቀን ከበቧቸው። የኛም ጨዋታ ሃያ ሦስት ዙር ነው፤ እስከዚያ ቱርክ ግንቡ ውስጥ ካልገባ ሩሲያ ያሸንፋል። ውስጥ ያሉት ሽምብራዎች ሩሲያ፣ የኔ። ውጭ ያሉት ምስሮች ቱርክ፣ የሱ። ሁለታችንም ቱርክ መሆን ነበር የምንፈልገው። ዕጣ ስናወጣ ሁልጊዜ ሩሲያ ይደርሰኛል። ዕጣውን የሚይዘው ማን ሆነና...

ሃያ አንድ ዙር ተጫወትን። ከዚያ ኦገስት ላይ የመኪናው አደጋ።

ተራው የሱ ነው። ሁለት ወር ሙሉ የሱ ነው።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 8
ብሩኪ "እኔ ልጫወትለት" አለኝ። እምቢ አልኩት። "እንግዲያው አሸንፌያለሁ በልና አፍርሰው።" ተራውን ያልተጫወተ ሰው ይሸነፋል እንዴ? እስከ ቅዳሜ ሦስት ቀን።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 9
እማ ከሥራ እንደገባች ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ጠረጴዛው ጋ ቆመች።
"ምስሬ ለካ እዚህ ነው ያለው። ተራው የማን ነው?"
"የሙኒም።"
ወንበር ሳበች። "አሳየኝ።"
ነገርኳት። ሰማያዊ ዶቃ ውሃ ነው። ግንቡ ውስጥ ያለነው በየዙሩ አንድ እንጠጣለን። የቀረኝ አንድ ብቻ፤ ዝም ብላ ከከበበችኝ በመጨረሻው ዙር አለቀልኝ።
"ልጆቹ ጠምቷቸዋል?"
"ሽምብራ ናቸው፣ እማ።"
"ይሁኑ። ውሃ አልከለክልም።" አምስት ምስር አንድ ዶቃ አስይዛ ግንቤ በር ላይ አቆመች።
"ጠላት እኮ ነሽ።"
"ታዲያ? ጠጡ።"
እንዲህ የሚጫወት ሰው አይቼ አላውቅም። ነገ በቀላሉ አሸንፋለሁ... ደስ ይለኛል?

ዓርብ፣ ኦክቶበር 10
በሩን ከፈትኩ፤ ዶቃውን ወሰድኩ። እማ አምስቱን ምስር ዘው አድርጋ አስገባቻቸው።
"እማ፣ ምን ማለት ነው?"
"በሩ ከተከፈተ ደጅ ያለ ሁሉ ይገባል። ደብተሩ ላይ ተጽፏል።"
የሙኒም ደብተር። የጨዋታውን ሕግ ሁሉ የጻፈበት። በሥራ እረፍቷ ላይ አንብባዋለች... እኔ እስካሁን መክፈት ያልቻልኩትን።
"ውሃ ሰጠሁህ። በሩን የከፈትከው አንተ ነህ" አለች፣ በግራ ከንፈሯ ብቻ ፈገግ ብላ። ልክ እንደሱ። ለካ ተንኮሉን የተማረው ከሷ ነው! ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅኩ። ከዚያ ትንሽ አለቀስኩ። እሷም።
"በል ጻፍለት" አለችኝ። ደብተሩን ከፍቼ መጨረሻው ገጽ ላይ "ሙኒም አሸነፈ" ብዬ ጻፍኩ።
ግንቡን ለሁለት ተሸክመን የሙኒም አልጋ ላይ አስቀመጥነው። ከኦገስት ወዲህ ማንም ያልነካው አልጋ።

እሑድ፣ ኦክቶበር 12
ትናንት ሳሎኑ በሰው ሞላ። ዱዓው አማረ።
ዛሬ ስነቃ እማ የሙኒም አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሽምብራ ትደረድራለች።
"ዛሬ ሩሲያ እኔ ነኝ። ናና ውሰደው።"
"ዕጣ አናወጣም?"
"የምን ዕጣ?" ምስሩን ወደኔ ገፋችልኝ።
በመጨረሻ ቱርክ ሆንኩ። አልጋው ላይ ከጎኗ ተቀመጥኩ። ልጆቹ እንዳይጠማቸው ብዬ በሩ ላይ አንድ ዶቃ አስቀመጥኩላት።
አልከፈተችም።