ቀይ ፕላስተር ያለበት ገብስ

ሰኞ፣ ጁላይ 12፣ 2010፣ ጠዋት

አጠጣኋቸው። አስራ ሁለቱንም። ደብተሬ፣ መኪና ውስጥ ነኝ፣ ዩኒቨርሲቲው ፓርኪንግ። በተራ ልጻፈው፦

1. በልጄ በረድኤት ካርድ ግሪንሃውስ ገባሁ። አብራት የምትሰራው ታማ ነው፣ ሦስት ቀን እኔ ልመዝንላት።
2. ሃያ አራቱን የገብስ ቱቦ መዘንኩ፣ ክብደቱ ነው የቀረውን ውሃ የሚናገረው። ፎርሙ ላይ ሞላሁ።
3. ቀይ ፕላስተር ያለባቸው አስራ ሁለቱ ጠውልገዋል። አንጀቴን በሉት። የተወችልኝን ወረቀት አየሁ፣ «ቀዮቹን እንድታጠጣ» ይላል። ሶ አጠጣሁ፣ አንድ አንድ ሊትር።
4. ስወጣ በሩ ላይ በእንግሊዝኛ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ቀይ ማለት ድርቅ ነው፣ ጠብታ ውሃ እንዳይነካው።

የምታጠናው እኮ እሱን ነው። አፈሩ ሲደርቅ ስሩ ውሃ ፍለጋ ምን ያህል ወደታች እንደሚወርድ። ቱቦው ውስጡን ያሳያል፣ ስሩ የደረሰበትን በየቀኑ በእስክሪብቶ ምልክት ታደርጋለች። የስድስት ሳምንት ልፋት።

ኮል አደረኩ። አታነሳም። እስከ ረቡዕ ከተራራው ማዶ ናት፣ ስንዴ ማሳ ላይ አፈር ትቆፍራለች። ኔትወርክ የለም።

ያው ሰኞ፣ ከሰዓት፣ ስራ ቦታ

ወረቀቱን አስር ጊዜ አነበብኩ። እንዳታጠጣ ማለቷ ነው። በአንድ ፊደል ተሳስታ።

መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ነበር የጻፈችልኝ። እኔ ነኝ የመለስኩላት። አባትሽ ነኝ፣ በአማርኛ ጻፊልኝ ብዬ። ሳትከራከር ጻፈች።

ለከድር ነገርኩት፣ ሲታክ ኤርፖርት አጠገብ ያለው ሆቴል አብሮኝ የእንግዶች መኪና ፓርክ ለሚያደርገው። ሳቀብኝ። «ገብስ አጠጣ ተብሎ የታሰረ ሰው ሰምተሃል አንተ?» ቀጥሎ ደግሞ፣ «ለመሆኑ ፊደል ያስቆጠራት ማነው?» እኔ ነኝ።

የምፈራው፦
የሚያሰራት ፕሮፌሰር ያባርራታል።
ስኮላርሺፑ ይቆማል።
የውጭ ሰው ለምን አስገባሽ ይሏታል።
እሷ ምንም አትለኝም። ይሄኛው ይብሳል።

ማክሰኞ፣ ጠዋት

ቀና ብለዋል። ቅጠላቸው አምሮበታል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ደስ ባለኝ።

መዘንኩ። ቀዮቹ ሁሉ ከብደዋል። ፎርሙ ላይ እርሳስ ይዤ ቆምኩ። ያጠጣሁትን ሊትር ብቀንስ ማን ያውቃል? የሦስቱን ቱቦ ቀንሼ ጻፍኩ። ከዛ ቱቦው ላይ የሷን ምልክት አየሁ። በየመስመሩ ቀን ጽፋበታለች፣ እሁድ እንኳን አልቀረም። በላጲስ አጠፋሁ። እውነተኛውን በእስክሪብቶ ጻፍኩ፣ ከጎኑ «ሰኞ ውሃ ጠጥቷል» ብዬ። አሁን መደበቂያ የለኝም።

ረቡዕ፣ ከሰዓት

መጣች። ጫማዋ አፈር በአፈር። ቤት እንኳን ሳትገባ ግሪንሃውስ ወሰድኳት፣ እዛው ነገርኳት።

በእንግሊዝኛ መለሰችልኝ፣ ሲጨንቃት እንደዛ ናት። ኦል ኦፍ ዘም? አለች። አዎ፣ ሁሉንም አልኳት። ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። አልጮኸችም። ቆይታ አስረዳችኝ። ውሃ ያገኘ ስር ቁልቁል መፈለጉን ይተዋል፣ እነዚህ ከእንግዲህ አይሆኑም፣ አዲስ መዝራት ነው። አርባ ሁለት ቀን፣ ከዜሮ።

ወረቀቱን አሳየኝ አለች። ኪሴ ውስጥ ነው። ሰጠኋት።

ጮክ ብላ አነበበችው። «ቀዮቹን እንዳታጠጣ። እንዳ ነው እኮ የሚለው፣ አባዬ።»

በጣቷ እያሳየችኝ ነው። የተጻፈው ድ ነው። እሷ ዳ ብላ ነው የምታነበው።

ምን ልበል ደብተሬ? መነጽሬን አላደረኩም ነበር አልኳት።

«አባዬ ደግሞ» አለች፣ ትከሻዬን መታ አድርጋ። እዛው ለፕ/ሩ ኢሜይል ጻፈች። አባቴ አሳስቶ አንብቦ ነው ብላ። አጠገቧ ቆሜያለሁ። ይሁን።

ሐሙስ፣ ጠዋት

ፕ/ሩ መለሰ። አላባረራትም። ግን እስከ ሴፕቴምበር ካልጨረሰች ስኮላርሺፑ አይራዘምም። ካሌንደር አውጥቼ ቆጠርኩ፣ እንደገና ቆጠርኩ። ትደርሳለች፣ አንድ ቀን ካልባከነ። እሷ ማሳ ስትሄድ ማን ይመዝናል? ብቻ አልተኛሁም።

እኔ አለሁ አልኳት። አየችኝ። ሳቅ አለች፣ ግን ፕ/ሩን ጠየቀችልኝ። ፎርሙን አይቷል አሉ። ስህተቱን በእስክሪብቶ የጻፈ ሰው ይቀጥል፣ ውሃ ግን አይንካ ብሏል።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 17፣ ጠዋት

ትናንት አብረን ዘራን። ምንም አልበቀለም፣ ባዶ አፈር ነው የምመዝነው። ሃያ አራቱንም ሁለት ሁለት ጊዜ መዘንኩ። በሩን ቆልፌ ተመልሼ አየሁት።

አዲሱ ወረቀት በእንግሊዝኛ ነው። በአማርኛ ጻፊልኝ ልል አፌ ላይ መጣ። መለስኩት።

በየቀኑ ከሽፍቴ በፊት እዚህ ነኝ። ለከድር ነግሬዋለሁ፣ ባረፍድ ይሸፍንልኛል።

ለረድኤት ያለብኝ አርባ ሁለት ቀን። የከፈልኩት ሁለት። የቀረው አርባ።