የሁዳዴው ቅባት

መጋቢት ፲፱ ቀን ፲፰፻፶፯

ተልባ ለቀምሁ። ጠጠሩ በዛ። የእብናት ተልባ ሁልጊዜም ጠጠር አያጣውም። ቆላሁት፣ ወቀጥሁት፣ በፍል ውሃ አሸሁት። ቅባቱ ሲንሳፈፍ ገፍፌ ወደ ገንቦው ጨመርሁ። ከዚያ እጄ ቅባት የምሞላበትን ቀንድ ፍለጋ ወደ ግድግዳው ሄደ። ቀንዱ የለም። የሥራ ቤቱ የውሃ መንኮራኩር ከልጄ ጋር ሰበረው … ቢኖርስ ለማን ልሞላ?

ልጄ ፈንታሁን ከሞተ ዛሬ ሁለት ሳምንት።

ባሌ መጽሐፍ ጸሐፊ ነበር፣ ነፍሱን ይማር። የተረፈ ብራና ትቶልኛል። አባቴ ዳዊት አስደግመውኛል፣ ፊደሉ አይጠፋኝም። እጄ ግን ቀርፋፋ ነው። ይህችን ስጽፍ ፀሐይ ከደጃፍ ተነሥታ ጣራ ላይ ወጣች። ይሁን። ለሰው ብናገር «እግዜር ያጥናሽ» ብሎ ይነሣል። ብራናው አይነሣም።

መጋቢት ፳፩

ዘነበች መጣች። የባሌ እኅት። ተቀመጠች፣ ተነሣች፣ ደግሞ ተቀመጠች።

«ትርንጎ፣ አትቆጪ እንጂ አንድ ነገር ሰምቻለሁ።»

«ብቆጣም ተናገሪ።»

«ባሻ ደሳለኝ ለሠራተኛው ሁሉ ተናገረ አሉ። ፈንታሁን ዘንጉን ሳይቀባ እየዋለ፣ ሲጮህበት ጊዜ ስንፍናውን ሊሸፍን እጁን ሰደደ፤ መንኮራኩሩ በጋቢው ጎተተው፤ በገዛ ስንፍናው ሞተ አለ። ተዝካሩን የበላም የስንፍናው ተካፋይ ነው ብሏል። እኔ ከመጀመሪያውም ከብረት ቀጥቃጭ ጋር አይዋል ብዬ ነበር።»

ብላ ነበር። እውነት ነው። ግን ዛሬ ይባላል?

የልጄ ሥራ ይህ ነበር። ወንዙ መንኮራኩሩን ያዞራል፣ መንኮራኩሩ ወናፉን ይነፋል፣ ወናፉ ብረት ማቅለጫውን እሳት ያነድዳል። መንኮራኩሩ የሚዞርበት ዘንግ ካልተቀባ ይሞቃል፣ ይጮኻል። «እማ፣ እሱም እንደ ሰው ጉሮሮው ይደርቃል» ይለኝ ነበር።

ሳይቀባ እየዋለ? ቀንዱን በየጧቱ የሞላሁት እኔ አይደለሁም?

መጋቢት ፳፪

ሥራ ቤቱ ወረድሁ። ባሻ ደሳለኝ ከዋርካው ሥር ተቀምጧል። የሥራው አዛዥ ነው፣ ሰላምታ ይጠብቃል እንጂ አይሰጥም። እጅ ነሣሁ።

«ባሻ፣ ቅባቱን በየጧቱ እኔ ራሴ ሞልቼ እሰጠው ነበር።»

«መስጠትሽን አላየሁም። የደረቀ ዘንግ ግን አይቻለሁ።»

«ታዲያ ልጄ ቅባቱን ጠጣው?»

ሠራተኞቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም።

«ሴትዮ፣ ሥራው ስንት ቀን እንደ ቆመ ታውቂያለሽ? ከላይ ሲጠይቁኝ ማንን ልስጥ? አንቺን?»

ነጠላዬን አጣፍቼ ተመለስሁ። ዳገቱን ስወጣ ስንት መልስ መጣልኝ … ከዳገቱ በኋላ ምን ያደርጋል?

መጋቢት ፳፭

እሑድ። ከቅዳሴው አንድ ቃል አልገባኝም። «በየጧቱ ሞልቼ፣ በየጧቱ ሞልቼ» ስል ቅዳሴው አልቆ «እትዉ በሰላም» ተባለ።

መጋቢት ፳፯

አለሙ ከደጅ ጠራኝ። የፈንታሁን ባልንጀራ ነው፤ አሁን በልጄ ቦታ ዘንግ የሚቀባው እሱ ነው።

«እትየ ትርንጎ፣ ይምጡና አንድ ነገር ይዩ። ባሻ እብናት ወርዷል።»

ሄድሁ። አለሙ ውሃውን በሌላ ቦይ መልሶ መንኮራኩሩን አቁሞታል። ያን መንኮራኩር ሳይ ወደ ኋላ አፈገፈግሁ። አለሙ ክንዴን ያዘ።

«ዛሬም ጮኸብኝ። ይንኩት እስቲ።»

ነካሁት። ደረቅ አይደለም። ቡናማ፣ ወፍራም፣ ጣት የሚይዝ ነገር። ቅባት የሚፈስበትን ቀዳዳ በወስፌ ወጋው፤ እንደ ግራር ሙጫ እየተሳበ ወጣ።

«ፈንታሁን ከሞተ በኋላ ሲጠገን ይህንኑ የመሰለ ሙጫ ፍቀን አጥበን ነበር የመለስነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ጧት አላጓደልሁም፣ በእናቴ ሞት! ግን ይኸው። ከላይ ባፈስስ ቀዳዳው ስለ ተደፈነ በጎን ይወርዳል። ውስጡ ደርቆ ይቀራል።»

«እንግዲያ ልጄ ቀብቷል!»

«ቀብቷል እንጂ። ያልቀባ ሰው ያ የፋቅነው ሙጫ ከየት ይመጣበታል?»

አለቀስሁ። ደስታ ይሁን ሌላ አላውቅም። አለሙ ግን ወስፌውን እየጠረገ ለራሱ የሚናገር መስሎ አንድ ነገር ጨመረ።

«በሞራ ሳለን እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ሁዳዴ ገብቶ ወደ ተልባ ከዞርን ነው።»

ቤቴ ገብቼ ገንቦውን አየሁ። ቅባቱ ከአፉ ላይ ወርዶ የደረቀበት አለ። በቢላ ፋቅሁት።

ያው ሙጫ ነው።

መጋቢት ፳፰

ዛሬ አልጽፍም።

መጋቢት ፳፱

ልጻፈው። ለራሴ እንኳ ካልጻፍሁት …

ሁዳዴ የገባ ለት ከሥራ መጣ። ገበታ ቀርቧል። እጁን ሲዘረጋ የሞራው ሽታ መጣብኝ።

«የከብት ሞራ ስትነካ ውለህ ከጾም ገበታ ትቀርባለህ?»

«እማ፣ የምቀባው ብረት ነው። አልበላው!»

«ብረትም ቢሆን። ተልባ እያለልህ!»

«መንኮራኩሩ የለመደው ሞራ ነው …»

«እናትህ መንኮራኩሩ ነው ወይስ እኔ ነኝ?»

ሣቀ። ከዚያ እጁን ታጥቦ ቀረበ። በማግሥቱ ቀንዱን በአመድ አጥቦ አመጣልኝ፣ ሞላሁለት። ባልንጀሮቹም ወደዱት፣ ሁሉም ጿሚ ነው። ባሻም «መልካም» አለ።

ፈንታሁን ያልሁት ከእሱ በፊት ለሞተው ወንድሙ ፈንታ ነበር። ለእሱ ፈንታስ ማን አለኝ?

ብናገር የልጄ ስም ይነጻል። የእኔስ? ዝም ብል ማን ያውቅብኛል? አለሙ እንኳ አያውቅም፤ ፈንታሁን «እናቴ አዘዘችኝ» ብሎ ለማንም አልተናገረም። ይህን ባሰብሁ ቁጥር …

መጋቢት ፴

ለንስሐ አባቴ ለመምሬ ገብረመድኅን ነገርኋቸው።

«ጾም አከበርሽ እንጂ ምን አጠፋሽ?»

«ልጄ ሰነፍ ተብሎ ቀረ፣ አባቴ። ለሠራተኞቹ ልናገር?»

«ተይው። ሰው ሲሰማ ጾሙን ይነቅፋል። ለራስሽ ያዢው።»

መስቀል አሳለሙኝ። ለራስሽ ያዢው! ይህን ሁሉ ቀን የያዝሁት ምን ሆነና? እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በቄስ ተናደድሁ።

ሚያዝያ ፫

ሰኞ፣ ሕማማት ገባ። ስግደቴን ሰግጄ ገንቦውን ታቅፌ ወደ ሥራ ቤቱ ወረድሁ። ሠራተኛው ሁሉ አለ። ገንቦውን ከእግሬ ሥር አኖርሁ። ተናገርሁ። ሞራውን ያስተወው ማን እንደ ሆነ፣ ልጄ እንዴት እንደ ተከራከረኝ፣ ሁሉን። የገንቦውን ሙጫ ፍቄ በመዳፌ አሳየሁ።

ባሻ ደሳለኝ ዐይኑን አጠበበ።

«እንግዲያ ጥፋተኛዋ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ። ከላይ ሲጠይቁዎ እኔን ይስጡ።»

«አንዲት ሴትዮ በተልባ ሥራ አቆመች ብዬ ልናገር? ይሥቁብኛል!»

ብረቱን የሚያቀልጠው ፈረንጅ አንጥረኛ ከማቅለጫው ቤት ወጣ። ሙጫውን ከመዳፌ ወሰደ፣ አሸተተ፣ በጣቱ ፈተገ።

«ተልባ ነው? በእኔ አገር በተልባ ቅባት በር እንቀባለን። ይደርቃል፣ ዝናብ አይገባም።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ቀን ለምን አልነገርኸንም?» አለው አለሙ።

«እኔ እሳት ዘንድ ነኝ። ቅባቱ ተለወጠ ብሎ ማን ነገረኝ?»

ማን ነገረው! ልጄ የሞተው በዚያና በዚህ መካከል ነው። ከማቅለጫው እስከ መንኮራኩሩ ሠላሳ እርምጃ አይሞላም።

«ሞራ አድርጉ» አለ ፈረንጁ። ሁሉም በአንድ አፍ «ጾም ነው!» አሉ። አንዱ ሽማግሌ እንዲያውም አማተበ። እኔ ቆዳ ፋቂዎቹን አሰብሁ። ቆዳ የሚያለሰልሱበት የጉሎ ቅባት ዓመት ቢቀመጥ ሲደርቅ አላየሁም። ይህንኑ ተናገርሁ። ፈረንጁ ራሱን ነቀነቀ፣ ይሆናል ማለቱ ነው።

«አምጪና እንይ» አለ ባሻ። ስለ ልጄ ምን ይላል ብዬ ቆሜ ጠበቅሁ። ፊቱን አዞረ።

ሚያዝያ ፮

ጉሎ ወቅጬ ቅባቱን ላክሁ። ክንዴ ዛለ። አለሙ መጥቶ «እንደ ሐር ነው የሚዞረው» አለኝ። ባሻስ? «ስለ ፈንታሁን አንድም ቃል አልተናገረም» አለ። ያን ቃሉን ካልሻረ ማን ደፍሮ ተዝካር ይመጣል?

ሚያዝያ ፲

የትንሣኤ ማግሥት። ዘነበች ደጄን አልፋ ስትሄድ ጠራኋት።

«የወንድሜን ልጅ በአፍሽ ገድለሽ ትጠሪኛለሽ?» አለች። ሌላም አለች። አልጽፈውም።

ሚያዝያ ፲፬

ተዝካር። ጠላውን ብቻዬን ጠመቅሁ፣ ወጡን ብቻዬን ሠራሁ። ከጎረቤት የመጣችልኝ ትርፌ ብቻ ናት፤ እሷም ጆሮዋ አይሰማም፣ የተባለውን አልሰማችም። ካህናቱ ጸሎቱን አድርሰው በሉ። ከዚያ ገበታው ባዶ … መሶቡን ልከድን ተነሣሁ።

አለሙ በበሩ ገባ። ከኋላው ሌላው፣ ከዚያም ሌላው። ከነጥላሸታቸው። ዐሥራ ሰባት ቆጠርሁ። ባሻ የለም።

«ባሻ ፈቀደ?» አልሁት አለሙን።

«አልጠየቅነውም፣ እትየ።»

በሉ፣ ጠጡ። ያ ያማተበው ሽማግሌ ዋንጫውን ይዞ ተነሣ። «ፈንታሁን አንድ ጧት አላጓደለም። ነፍሱን ይማር» አለ። «ይማር!» አሉ ሁሉም። ጓዳ ገባሁ፣ ወጥ የምጨምር መስዬ።

ሚያዝያ ፲፯

ምንጭ ወረድሁ። ሴቶቹ ሲያዩኝ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፣ ግን ሰማሁ። «ልጇን ያስበላች እሷ ናት» አለች አንዲቱ። እንስራዬን ሞላሁ። ጀርባዬ ላይ የሚያነሣልኝ ጠፋ፤ ከድንጋይ ላይ አስደግፌ ራሴ አነሣሁት።

ቤት እስክደርስ የተናገሩትን ሁሉ አንድ በአንድ በልቤ መላለስሁት። ስለ ፈንታሁን ክፉ የተናገረች የለችም።