ኪዊ በወተት

ማክሰኞ፣ የካቲት 3

እንዴት እንደሚጀመር አላውቅም... ለሰው የማልናገረውን ልጻፈው ብዬ ነው። ምናልባት ይቀለኝ ይሆናል።

ዛሬ ኪዊ ገባ። ድንጋይ ነው፣ ቢወረውሩት ይፈነክታል። እንደተለመደው ከበሰለ ሙዝ ጋር ካርቶን ውስጥ ዘጋሁበት። ሙዙ ቶሎ ያበስለዋል። ትምህርት ካቋረጥኩ ወዲህ አክስቴ ጁስ ቤት ውስጥ ጓዳው የኔ ነው። ማጠብ፣ መላጥ። ደስ ይለኛል፤ ሰው አያየኝም።

ከፊት፣ ባንኮው ላይ ጁስ የምትሠራው የአክስቴ ሠራተኛ እትዬ ናት። ከማሽኑ በላይ ስለምትጮህ ደንበኞች «ብሌንደር» ይሏታል። ዛሬ የክንዴን ፀጉር አይታ «አንቺም ኪዊ ነሽ! ላይሽ ፀጉራም፣ ውስጥሽ ለምለም!» አለችኝ። ከሷ ሲመጣ አያምም።

ዓርብ፣ የካቲት 6

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ጋሼ፣ «ኪዊ የምትባል ወፍ አለች» ብለው ከስልካቸው አነበቡልን። አትበርም። ክንፏ ትንሽ ነው፣ ላባዋ ውስጥ ተደብቆ አይታይም። ቀኑን ጉድጓድ ውስጥ ውላ ሲመሽ ትወጣለች።

«ይቺማ የጓዳዋ ልጃችን ናት!» አሉ። ደንበኛው ሁሉ ሳቀ። ጆሮዬ ጋለ።

«ይጨርሱት እንጂ ጋሼ!» አለች እትዬ።

«...ጉድጓዷ ድረስ የመጣባትን ግን በርግጫ ነው የምትለው፣ ይላል።»

«ይኸው!»

እኔ ማንን ረግጬ አውቃለሁ?

ሌላ ነገር። ጠዋት ከተሠራው ኪዊ በወተት ተርፎ ነበር። ከሰዓት ቀመስኩት... ሬት! ወተቱን ለብቻው ጠጣሁት፣ ደህና ነው። ባለፈውም እንዲህ ሆኖብኛል። ኪዊ ወተት ውስጥ ሲቆይ ይመራል ማለት ነው? ወዲያው ሲጠጣ ምንም አይልም። ልንገራቸው? ይስቁብኛል። ሆድ ይፍጀው።

ሰኞ፣ የካቲት 9

ፊት ለፊታችን ያለው መሥሪያ ቤት አለቃውን በጡረታ ሊሸኝ ጁስ አዘዘ። ኪዊ በወተት። አክስቴ «ከሰዓት እንዳንጣደፍ አሁኑኑ ሠርተሽ ፍሪጅ አስገቢው» አለቻት እትዬን።

የጓዳው በር ላይ ቆምኩ። አፌን ከፈትኩ...

«ምን ይገትርሻል? ልጪ እንጂ!» አለችኝ አክስቴ።

ላጥኩ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 10

ትናንት ማታ መጻፍ አቃተኝ።

ጁሱ ከነጆጉ ተመለሰ። አለቃው እንግዳ ፊት ተፍተውታል አሉ። አክስቴ ደንበኞች እየሰሙ «የተበላሸ ወተት ጨምረሽ አዋረድሽኝ!» አለቻት።

«እናቴ ትሙት፣ ወተቱ የዛሬ ነው!»

«ታዲያ ማን አመረረው? እኔ?»

እትዬ ማሽኑን አጠፋች። ያ ሁሉ ድምጿ የት ገባ? ሽርጧን ፈታ ሚስማሩ ላይ ሰቀለችው። በኔ በኩል ስታልፍ «ኪዊዬ፣ ሙዙን እንዳትረሺ» አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻል ነበር። ግን ለምን ትሰድበኛለች? እንደማውቅ አታውቅም።

ረቡዕ፣ የካቲት 11

ዛሬ ማሽኑ ብቻውን ጮኸ።

ሐሙስ፣ የካቲት 12

ጋሼ ሱሪ እየተኮሱ ለአክስቴ ሲነግሯት ሰማሁ። እትዬ ሌሎች ጁስ ቤቶች ሄዳ ነበር። የሚቀጥራት አጣች። «የተበላሸ ወተት የምታጠጣዋ» ተብላለች። ወሬው ቀድሟት ደርሷል።

አክስቴ የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች። «እጇ ጥሩ ነበር... ምን ነካት?» ብላ ወደ ሥራዋ ዞረች።

ምን እንደነካት የማውቀው እኔ ነኝ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይመራል ግን።

ሽርጧ አሁንም ሚስማሩ ላይ ነው። አንስቼ አጠብኩት።

ነገ ሱቁ ሲከፈት ከአንድ ወተት ሁለት ብርጭቆ እቀዳለሁ። አንዱን ባዶውን፣ አንዱን በኪዊ እመታዋለሁ። ጓዳ አላስቀምጣቸውም፤ ፊት ለፊት፣ ባንኮው ላይ፣ ሰው ሁሉ የሚያይበት። እስከ ከሰዓት አጠገባቸው እቆማለሁ። ከሰዓት ጋሼንም እጠራቸዋለሁ፤ ወሬው በሳቸው በኩል ይመለስ። ከዚያ «አክስቴ፣ ሁለቱንም ቅመሺ» እላታለሁ። ቀድሜ እንደማውቅም እነግራታለሁ። ድምፄ ይንቀጠቀጣል።

ይንቀጥቀጥ። ከቀመሰች በኋላ ሽርጡን ይዤ እትዬ ቤት እሄዳለሁ።