ማንም የማይገባበት ቤት

ኅዳር 8 ቀን 1930

የገብስ አጨዳ ተጀመረ። ጠዋት ውርጭ ነበር፤ እጄ ማጭዱን አልይዝ አለ። ማጭዱም ዶልዱሟል። አማቴ እማማ ውድነሽ «ወደ ሙላቴ ውሰጂው» አሉኝ።

ሙላቴ ቀጥቃጭ ነው። ቤቱ ከመንደሩ ወጣ ብሎ፣ ወንዙ አፋፍ ላይ። ሰው ማጭዱን ደጅ አስቀምጦ ይመለሳል እንጂ በሩን አያልፍም። ቡዳ ናቸው ይባላል። እኔም እንደ ሰው አደረግሁ። ነጭ ሽንኩርት በመቀነቴ ቋጥሬ... ሚስቱ የሺ «እንደምን አደርሽ» አለችኝ። ዐይኗን ሳላይ መለስሁላት።

ማታ ልጄ እቴነሽ ተረት ንገሪኝ አለችኝ። የቀጥቃጩን ነገርኋት። ፀሐይ ስትገባ አመድ ላይ ይንከባለላል፤ ጅብ ሆኖ ይነሣል። አንድ ገበሬ ጅብ ገደለ፤ ሲነጋ ቢያየው ጆሮው ላይ የቀጥቃጩ ጉትቻ... እቴነሽ ጋቢዬ ውስጥ ገባች። እኔም ስሰማው እንዲሁ እገባ ነበር። አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ ሴት ሳይሉ ፊደል አስቆጠሩኝ። ይኸን ፍርሃት ግን አላወጡልኝም።

የባሌ የአድማሱ ወሬ የለም። ጣሊያንን ሊወጋ ዱር ቤቴ ካለ ክረምቱ አልፎ ሌላ ወቅት መጣ።

ኅዳር 12

ደብረ ታቦር ገበያ የዋሉ ሰዎች ወሬ ይዘው መጡ። ይርጋ የባንዳ አለቃ ሆኗል አሉ። ይርጋ! ከአድማሱ ጋር ከብት ያገደ... የእያንዳንዳችንን ቤት ያውቀዋል።

ኅዳር 19

ጎህ ሲቀድ አለሙ ወንድሙን አድማሱን በበቅሎ አመጣው። ጭኑን ተመትቷል። ጥይቱ ውስጥ ነው። ከንፈሩ ነጥቷል።

የት እንደብቀው? ቤታችን ተፈትሿል፤ ደግሞም ይፈተሻል። ዋሻው? በዚህ ውርጭ ቁስለኛ አያድርበትም። አለሙ ይንቆራጠጣል። እማማ ማርያም ማርያም ይላሉ።

የሺ ከአጥሩ ውጭ ቆማ አገኘኋት። ማንም አልጠራትም።

«መሻገሪያው ላይ ደም አየሁ» አለች። «አጥቤዋለሁ። ሰውየውን ለእኛ ስጡን። ባንዳ መንደሩን ሁሉ ይገባል፤ እኛ ቤት አይገባም።»

እማማ ሰሟት። «ልጄን ከጣሊያን አፍ አውጥቼ ለጅብ?»

ፊት ለፊቷ! የሺ መሬት መሬት አየች። ግን አልሄደችም። አለሙ ወደ እኔ ዞረ። አድማሱም።

«ውሰጂው» አልሁ። 

ምን አደረግሁ?

ኅዳር 20

ስንቅ ይዤ ሄድሁ። በሩን አለፍሁ። ምን ጠብቄ ነበር? አጥንት? መደብ፣ ጎታ፣ ቁርበት... ልክ እንደኛው ቤት።

ሙላቴ ጥይቱን በጉጠት አወጣለት። አድማሱ ጠፍር ነክሶ ያቃስታል። ሙላቴም አብሮት እያላበው «አይዞህ ወንድሜ፣ አይዞህ» ይላል። ቁስሉን በማር አሸጉት። አድማሱ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ ወሰደው። ከስንት ጊዜ በኋላ ይሆን?

ኅዳር 23



ባንዳ መጣ። ይርጋና ሰዎቹ፣ አንድ ፈረንጅ በበቅሎ። ቤታችንን ገለበጡት፤ ጎታውን በሳንጃ ወጉት። ከዚያ ቁልቁል ወደ ወንዙ... እንስራ አንሥቼ ተከተልሁ፤ ውሃ እንደሚቀዳ ሰው።

የሺ ከቤቷ ወጣች። ፊቷን አመድ ተቀብታለች፤ ፀጉሯን በትናዋለች። በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ ቆመች። ባንዳዎቹ ባሉበት ደረቁ።

«ግቡ እንጂ! ይርጋ ነህ? ውይ፣ እንዴት አምሮብሃል! እንዴት ያለ ጥርስ ነው! ቀረብ በል እስቲ ልይህ።»

ሰው ሲያደንቁ በስመ አብ ይባላል። እሷ አላለችም። ሆን ብላ ነው። ይርጋ ጋቢውን ስቦ አፉን ሸፈነ።

ፈረንጁ ጮኸ። አስተርጓሚው «ለምን አትገቡም ይላል» አለ።

«በሽታ አለ በለው» አለ ይርጋ።

«ምን በሽታ?»

«አንተ ግባና እየዋ!»

አስተርጓሚውም ያገር ሰው ነው። ለፈረንጁ ምን እንዳለው እንጃ... ብቻ ፈረንጁ መሐረብ አፍንጫው ላይ አድርጎ በቅሎውን አዞረ።

ሲርቁ ሣቄ መጣ። እውነት ልሥቅ ነበር። ዘወር ስል የሺ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። አመዱ ፊቷ ላይ ጭቃ ሆኗል።

«ምነው? አዳንሽው እኮ!»

«ሰው ቡዳ ሲለኝ ነው የኖርሁት» አለች። «በገዛ ራሴ ነኝ ብዬ ስወጣ ግን ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።»

 ባዶ እንስራ ተሸክሜ ተመለስሁ።

ታኅሣሥ 2

ወሬው ጉናን ዞረ። «የሺ በገዛ አፏ አመነች» ይላሉ። ወንዝ ስትወርድ ሴቶቹ እንስራቸውን ሳይሞሉ ይበተናሉ። እውነቱን አውቃለሁ፤ መናገር አልችልም። ብናገር አድማሱ ይያዛል። ሳልናገር እሷ... የማን ነው ዕዳው?

ታኅሣሥ 9

እቴነሽ ታማለች። ገላዋ እሳት ነው። ትቃዣለች።

እማማ «በልታታለች» አሉ። «ልጄን ሰጠሻት፤ ልጅሽን ጨምራ ወሰደች። ከልብሷ ቁራጭ ይምጣና ልጅቱ ትታጠን፤ የበላት ይለፈልፍ።»

ማንም አያነበውምና ልጻፈው። ፈራሁ። አንድ ቀን ስንቅ ስወስድ እቴነሽን አስከትያት ነበር። የሺ ራሷን ዳበሰቻት። ያን ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር። ዛሬ ያችን እጅ እያሰብሁ...

ታኅሣሥ 10

ሄድሁ። ምን ልላት እንደሄድሁ ለራሴም አልነገርሁትም።

ፊቴን አየችው። «ልጅቱ ታማለች፣ አይደል?»

ከዚያ የነጠላዋን ጫፍ ይዛ ቀደደችው። ዘረጋችልኝ።

«ለጭሱ ከሆነ ውሰጂ። ስንቱን ቀድጄ ሰጥቻለሁ።»

ነጠላዋን አየሁት። ዙሪያውን ተቀዷል። አሮጌ ቅዳጅ፣ አዲስ ቅዳጅ... ጥለት የሚባል አልቀረውም። እስከዛሬ ድህነት ይመስለኝ ነበር።

አልወሰድሁትም። «እትየ» አልኋት፤ ሌላ ቃል አልመጣልኝም። አጠገቧ ተቀምጬ አለቀስሁ። እሷ ጀርባዬን ትዳብሰኛለች። አልሸሸሁም።

ቤት ስገባ እማማ «የታለ?» አሉኝ።

«አላመጣሁም።»

«እንዴት አላመጣሽም?»

«ባሌን ያዳነች ሴት ናት። ልጄን በሷ ጨርቅ አላጥንም።»

አኮረፉኝ። እቴነሽን ዳማከሴ ጨምቄ አጠጣኋት። ጨርቅ እያራስሁ ግንባሯ ላይ አደርጋለሁ። ተሳስቼ ቢሆንስ? እመቤቴ ሆይ፣ ተሳስቼ ቢሆንስ?

ታኅሣሥ 13

አላባት! ትኩሳቱ ለቀቃት። ዐይኗን ገልጣ ቂጣ አለች። ቂጣ!

እማማ «ማርያም ናት» አሉ።

«አዎን፣ ማርያም ናት። የሺም አልበላቻትም።»

አሁንም አኮረፉ። ግን ኩርፊያው የቀድሞው አልነበረም።

ጥር 9

አድማሱ በእግሩ ሄደ። ወደ ጓደኞቹ። ከመሄዱ በፊት እናቱን ጉልበት ስሞ «እማየ፣ ያችን ሴት ሰው በሏት። ሌላ ምንም አልለምንዎ» አላቸው። ፊታቸውን አዞሩ። መቀነታቸውን ሲያጠብቁ አየሁ፤ ሲጨንቃቸው እንዲያ ያደርጋሉ።

ጥር 18

ለአስተርዮ ማርያም ዝክር አለብኝ። ሙላቴንና የሺን ልጠራ ሄድሁ።

«ሰው ይሄድብሻል» አለች የሺ።

«ይሂድ።»

ሙላቴ ፈገግ አለ። «ሰው እኛን መፍራት ከተወ፣ ነገ ሌላ ቁስለኛ ሲመጣ የት ይደበቃል?»

የሺ አሰበች። «ለባንዳ ብቻ ቡዳ እሆናለሁ» አለች። ሦስታችንም ሣቅን። ስትሥቅ አይቻት አላውቅም ነበር።

ጥር 21

መጡ። የሺ አዲስ ነጠላ ለብሳ። በሩ ላይ እግሯ ከበደ፤ እጇን ይዤ አስገባኋት።

 ጎረቤታችን ሞላ ጋቢውን አነሣ፤ ሚስቱን ጠቅሶ ወጣ። ሌሎችም ሁለት ሦስት ተከተሉ። ቄሱ አባ ገብረኪዳን ግን ማዕዱን ባረኩ፤ «ሙላቴ፣ ጠጋ በል» ብለው ከአንድ መሶብ ቆረሱ። ያን ያየ ቁጭ አለ።

እቴነሽ ሄዳ የሺ ፊት ቆመች። «ጅብ ትሆኛለሽ?»



«ኧረ ልጄ» አለች የሺ። «ብሆንማ ኖሮ ባንዳ በአገሩ ይተርፍ ነበር?»

አባ ገብረኪዳን ጠላው ትን አላቸው። ቤቱ በሣቅ ሞላ። እማማ አልሣቁም። ግን መደቡ ላይ ፈቀቅ አሉ። ቦታውን በእጃቸው መታ መታ አደረጉት።

«ነይ እዚህ። በሩ ጋ ብርድ ነው» አሏት።

ጥር 23

ጠዋት የሺ መጣች። ከአጥሩ ውጭ አልቆመችም። አልተጣራችም። ቀጥ ብላ ገባች።

«እሳታችን ጠፍቶ፣ ልጭር መጣሁ» አለች፤ ገል ይዛለች።

የቀጥቃጭ ቤት እሳት ጠፍቶ? ቁልቁል ሳይ ከሙላቴ ጣሪያ ጢስ ይወጣል። ወናፉ ይሰማል።  ፍም መርጬ ጫርሁላት። እማማም ጢሱን አይተዋል።

ለመሄድ ተነሣች። አንድ ጨዋታ ጀመርን፤ ተቀመጠች። ሌላ ጨዋታ መጣ... ስለ ገብሱ፣ ስለ እቴነሽ ጥርስ፣ ስለ አድማሱ። ገሉን ብናየው ፍሙ አመድ ሆኗል።

«ሌላ ልጫርልሽ?» አልኋት።

«ተይው» አለች። «ነገ እመጣለሁ።»